ዋልካን በሚዛን፦ የአፈር እርጥበት እንዴት ይለካል?

ከካርቱም በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይና በጥቁር ዓባይ መካከል የተንጣለለው የገዚራ ሜዳ አፈሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አብዛኛው ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ያወረደው ዋልካ ነው። ሲርስ ጫማ ነክሶ ይይዛል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የሰናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ተጠናቆ መስኖ ከተስፋፋ ወዲህ የገዚራ ገበሬ ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃ መቼ ይለቀቅ? በካርቱም ሰሜን፣ ሻምባት በሚገኘው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ የሚማርም ሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጥያቄውን በአንድ ጣሳ አፈር ሊመረምረው ይችላል።

ዋናው መሣሪያ ሚዛን ነው። ናሙናው ከሚፈለገው ጥልቀት ይወሰድና እርጥበቱ እንዳይተን ወዲያው ክዳን ባለው ጣሳ ይታሸጋል። ከተመዘነ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይመዘናል። ባዶ ጣሳው 50 ግራም፣ ከእርጥብ አፈር ጋር 200፣ ከደረቀ በኋላ 170 ግራም ቢሆን፣ የተነነው ውሃ 30 ግራም፣ ደረቁ አፈር ደግሞ 120 ግራም ነው። 30 ለ120 ሲካፈል እርጥበቱ 25 በመቶ ይሆናል። ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ለእርጥቡ አፈር፣ ማለትም ለ150 ግራም ካካፈለ 20 በመቶ ያገኛል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ምድጃውን አይተካም፤ ደርቆ የሚታይ ዋልካ ጥቂት በመቶ ውሃ ይዞ ይቀራል።

ምድጃው አንድ ቀን ያስጠብቃል፣ ናሙናውም ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለት እግር ያለው ርካሽ ሴንሰር አርዱዊኖ ከተባለ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር ያገናኛሉ። አንዱ ዓይነት አፈሩ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ይለካል፤ ነገር ግን የብረት እግሮቹ ቶሎ ይበላሉ፣ ጨው ወይም ማዳበሪያ ያለበትን አፈርም ከእውነቱ ይልቅ የረጠበ አስመስሎ ያሳያል። ሁለተኛው፣ ብረቱ የተሸፈነው፣ የሚለካው የአፈሩን የኤሌክትሪክ ኃይል የማከማቸት ችሎታ ነው። በዚህ መለኪያ ውሃ 80 ገደማ፣ ደረቅ አፈር ከ3 እስከ 5፣ አየር ደግሞ 1 ስለሆነ ውሃው በቀላሉ ጎልቶ ይታያል።

ዋልካ ግን ለዚህኛውም ያስቸግራል። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከሴንሰሩ ጎን ይሸሻል፤ በመሃል ክፍተት ይፈጠርና መሣሪያው አፈሩን ትቶ አየር ይለካል። ቁጥሩ ድንገት ሲያሽቆለቁል አፈሩ በአንድ ሌሊት ደረቀ ማለት ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ከዚያው አፈር በተለያየ እርጥበት ናሙና እየወሰዱ በምድጃ ማድረቅና የሴንሰሩን ንባብ ከሚዛኑ ውጤት ጋር እያስተያዩ ማረም ነው። ለአሸዋ የተስተካከለ ሴንሰር ለዋልካ አይሠራም።

ውሃ መቼ ይለቀቅ የሚለውን የገበሬውን ጥያቄ ለመመለስ የሚረዳው ሙከራ ቀላል ነው። በአንድ ማሰሮ አሸዋ፣ በሌላው ዋልካ ተሞልቶ ባቄላ ይዘራል። ተክሎቹ ሲጠነክሩ ውሃ ማጠጣት ይቆምና ጠውልገው በሌሊት እንኳ የማያገግሙበት ደረጃ ሲደርሱ ከሁለቱም ናሙና ይወሰዳል። በአሸዋው የሚገኘው ውሃ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ በዋልካው ግን ወደ 20 በመቶ ሊጠጋ ወይም ሊያልፍ ይችላል። እጅግ ደቃቅ የሆኑት የሸክላ ቅንጣቶች ውሃውን አጥብቀው ስለሚይዙት ሥሩ መሳብ ያቅተዋል። ባቄላው የሞተው ውሃ ባለበት አፈር ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የፈነዳው ጦርነት የካርቱምን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት አቋረጠ። ይህ ሙከራ ግን ሚዛንና ምድጃ ባለበት፣ በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ዘይት፣ ሊሠራ ይችላል። በማስታወሻ ደብተር ላይ ከቁጥሩ ጎን የአፈሩ ዓይነትና ናሙናው የወጣበት ጥልቀት መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። 20 በመቶ ለአሸዋ ረግረግ፣ ለዋልካ ድርቀት ነው።