ሊማሊሞን የሚወጣ ይግባኝ

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ደም ከፈሰሰ ሽማግሌ መግባቱ አይቀርም። ፍርድ ቤት ቢፈርድም ደም ካልደረቀ ነገሩ አለቀ አይባልም። ጥንት ገዳይ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ወገንም ወይ ደሙን ይመልሳል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምራል። ኋላ ዘመናዊው ሕግ ቅጣቱን ለመንግሥት፣ ካሳውን ለተበዳይ ከፈለው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አረቀቁት።

ወደዚህ ሁሉ ፍተሻ የከተቱኝ ዛሪማ ከተማ፣ ሻይ ቤት ያገኘኋቸው አንድ ገበሬ ናቸው። በመጥረቢያ ተመትተው ሦስት ጣት አጥተዋል። የውሳኔውን ግልባጭ ከፌስታል አውጥተው ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ የጣቱን ተወው። ለሞራሌ አንድ ሺህ ብር አሉኝ! ዛሬ በአንድ ሺህ ብር በግ ይገዛል?»

ይግባኝ ብለዋል። ከወረዳው ወደ ዞኑ ከተማ ደባርቅ፣ ያንን ጠመዝማዛ የሊማሊሞ ዳገት ማለት ነው። «ለመኪና፣ ለአልቤርጎ፣ ለራፖር ጸሐፊ ከፈልኩ። ላይኞቹም ያው አንድ ሺህ አሉኝ። መንገዱ ብቻ ነው የረዘመው።»

ዳኞቹን አልፈርድባቸውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ያዛል። ሕጉ ሲወጣ ዶላር በ2 ብር ከ50 ገደማ ይመነዘር ነበርና ገንዘቡ 400 ዶላር ያህል ነበር። ዛሬስ? አንድ የፍትሕ ባለሥልጣን ብጠይቅ «በዚህ ጉዳይ አስተያየት አልሰጥም» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ለጠፋ ገቢ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። ገበሬ የደመወዝ ወረቀት ባይኖረውም አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲገምት ይፈቅዳል። ይግባኝ ዋጋ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። ጊዜው ግን አይጠብቅም፦ ካሳው በተለየ የፍትሐ ብሔር ክስ ከተጠየቀ 60 ቀን ነው፤ በወንጀል ችሎት ደግሞ የይግባኝ ማስታወቂያው በ15 ቀን፣ ቅሬታው ግልባጭ በተሰጠ በ30 ቀን ይገባል።

ኒውዚላንድና ብሪታንያ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተበዳይን ከመንግሥት ካዝና ይክሳሉ። እኛ ዘንድ ከፋዩ በዳዩ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ እስር ቤት ነው፣ ቤተሰቡም ድሃ። የ1949ኙን የተካው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 102 ከመቀጮና ከተወረሰ ንብረት ለተበዳይ እንዲከፈል ቢፈቅድም፣ ገበሬው ስለዚህ አንቀጽ የነገራቸው ሰው የለም።

1000 ብሩን የጻፈው ሕግ አውጪ ነው፤ ማንሳት ያለበትም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። እስከዚያው ካሳ የምትጠይቁ ሁሉ፣ የጠፋ ገቢያችሁን ከመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ አስጽፉ።