በደጋ አገር ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን በምን ይሞቃል?



ስለ መንዝ ብርድ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ ወይም በራቤል ያደረ ሰው ባና ደራርቦም ሌሊቱ እንደሚረዝምበት ያውቀዋል። ታዲያ ይህ ብርድ ዛሬ የተወለደን፣ ያውም ቀኑ ሳይደርስ የመጣን ሕፃን ምን ያደርገዋል?

ጨቅላ ለምን ቶሎ ይበርደዋል?

ሕፃን በማኅፀን ሳለ ሙቀቱን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ሲወለድ ገላው እርጥብ፣ ቆዳውም ስስ ነው። ራሱ ከቀረው ገላው ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሙቀት በዚያ በኩል ያመልጠዋል። እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅም አይሆንለትም። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ወይም ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ጥቂት በመሆኑ ይበልጥ ይጎዳል።

የጤነኛ ጨቅላ የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚህ ሲወርድ ሕፃኑ ጉልበቱን ሁሉ ለመሞቅ ያውለዋል፤ መጥባት ያቅተዋል፤ ሳይጠባ ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉብን ጨቅላዎች አሉ።

እኔም ሥራ ስጀምር ሕፃኑን ወዲያው ማጠብ ንጽሕና ይመስለኝ ነበር። ስህተት ነው። ሕፃኑን በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት እንጂ 24 ሰዓት ሳይሞላው አትጠቡት።

ከቦጎታ እስከ ጥቁር አንበሳ

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባሉ ሐኪም ችግር ገጠማቸው። የማሞቂያ ሣጥን ስላልበቃ ሕፃናቱ እየተደራረቡ ይተኙ ነበር። እሳቸውም ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርገው ማሳቀፍ ጀመሩ። ካንጋሮ የተባለችው የአውስትራሊያ እንስሳ ልጅዋን በሆዷ ከረጢት ይዛ ስለምታሳድግ ዘዴው የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ።

በአገራችንም ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ክብደታቸው ከ2 ኪሎ ግራም በታች በሆኑ ጨቅላዎች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ቶሎ ገላ ለገላ ከታቀፉት ሕፃናት መካከል የሞቱት በተለመደው መንገድ ከተያዙት ያነሱ ነበሩ። በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናት የታዩበት ጥናት ወጣ። እንደተወለዱ ወዲያው ከታቀፉት ከ100 ሕፃናት 12 ያህሉ፣ እስኪጠነክሩ ተጠብቀው ከታቀፉት ግን 16 ያህሉ በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2022 እንዲህ ያሉ ሕፃናት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታቀፉ መክሯል።

እንዴት ይታቀፋል?

ሕፃኑን ከሽንት ጨርቅ፣ ከኮፍያና ከካልሲ በስተቀር ልብሱን አውልቁለት። ደረቱን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ፣ በሁለቱ ጡቶች መካከል ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፊቱ ወደ ጎን ይዙር፤ አፍንጫው አይሸፈን። በነጠላ ወይም በመቀነት ደግፋችሁ ከላይ ጋቢ ደርቡ። እናቲቱም ስትተኛ ትራሷን ከፍ አድርጋ በጀርባዋ ትንጋለል። የጡት ወተት በጨቅላው ፍላጎት፣ ሌሊትም ቀንም ይሰጠው። መጥባት ካቃተው የታለበው ወተት በንጹሕ ኩባያ ይሰጠዋል፤ አሰጣጡን ነርሷ ታሳያችኋለች።

አባትስ?

አንድ ሌሊት 1.7 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ተወለደ። እናቱ በቀዶ ጥገና ስለወለደች ገና አልነቃችም። አባትየውን ሸሚዙን አስወልቄ ሕፃኑን አሳቀፍሁት። አያቲቱ ገብተው ሲያዩ ደነገጡ።

«ሲስተር፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሆን የት ታየ?» አሉኝ።

መልስ የሰጣቸው ልጃቸው ነበር። «እማዬ፣ ቀዝቅዞ ነበር። እጅሽን አምጪና ንኪው።»

ነኩት፤ እግሩ ሞቋል። ጋቢያቸውን አውልቀው በልጃቸው ትከሻ ላይ ደረቡለት። ሕፃኑም ከቀናት በኋላ በእናቱ እቅፍ ሆኖ ወደ ቤቱ ሄደ። እናንተም ባሎች፣ ሚስታችሁ ስትደክም ተራውን ተቀበሉ።

ሕፃኑ መጥባት ካቆመ፣ እግሩ ከቀዘቀዘ ወይም ከተኮሰ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ እንዳቀፋችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሩጡ። አትጠብቁ።

ለሚቀጥለው ልጅ

የሚያስደነግጠን ሕፃን እንዳይደገም ከምትችሉት አንዱ ማራራቅ ነው። ከአንድ ልጅ ልደት በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ሳይሞላ ሌላ እንዳይፀነስ ይመከራል። እርግዝና በላይ በላይ ሲሆን ያለ ቀን የመውለድና አነስተኛ ክብደት ያለው ሕፃን የመወለድ ዕድል ይጨምራል። ለምታጠባ እናት የሚስማሙ፣ ወተት የማይቀንሱ መከላከያዎች አሉ፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውና ሉፑ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ለምርመራ ስትመጡ ሁለታችሁም ኑ፤ አብራችሁ ጠይቁ፣ አብራችሁም ምረጡ።