ሽልማቱ ሥዕሉን ሲያስጥል

እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት አንድ ጥናት አሳተሙ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካለ መዋዕለ ሕፃናት መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መረጡ። ለአንዱ ቡድን «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» አሉት፤ ሽልማቱ ወርቃማ ማኅተምና ሪባን ያለው ወረቀት ነበር። ሌላው ቡድን ሳያስበው ተሸለመ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም።

ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ ሲሥሉባቸው የነበሩት ማርከሮች ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። «ሣሉ» ያላቸው ሰው የለም። ቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ! ሳያስቡት የተሸለሙት ግን እንደ ወትሯቸው ይሥሉ ነበር።

በሥልጠና ላይ ይህን ስናገር «ታዲያ ቦነስ ይቅር?» የሚለኝ አለቃ አይጠፋም። አይቅር። ጥናቱ ልጆቹ ድሮም በሚወዱት ነገር ላይ የተሠራ ነው፤ አሰልቺ ሥራ ላይ ክፍያ እንደሚያተጋ እኔም አምናለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ መጽሐፍ ይዞ የሚያመሸውን ልጅ «በምዕራፍ ይህን ያህል ብር» ስንለው ነው። ሥራውን የሚወድ ሠራተኛም እንደዚሁ። ይልቅስ አንድ ሪፖርት ከጨረሰ በኋላ ጠርታችሁ የትኛው ገጽ ላይ ያለው ትንታኔ እንደጠቀማችሁ ንገሩት።