የድረ ገጽን ስሕተት በመዝገብ ስለ ማስያዝ

ከጅቡቲ ወደብ ወደ መኻል አገር የሚመጣው የጭነት መኪና አብዛኛው በጋላፊ ገብቶ በሰመራ፥ በሚሌና በአዋሽ በኩል እንደሚያልፍ የታወቀ ነው። በዚህ መንገድ የሚነግድ ጠንቃቃ ነጋዴ፥ መኪናው በየኬላው የደረሰበትን ሰዓት በመዝገብ ይይዛል፤ ዕቃ የጐደለ እንደ ሆነ የት እንደ ጐደለ የሚታወቀው ከዚሁ መዝገብ ነውና። ድረ ገጽም እንደዚሁ የራሱ መዝገብ ያስፈልገዋል።

ለምሳሌ አንድ የሰመራ ባለ ሱቅ በድረ ገጹ ትእዛዝ የሚቀበል ቢሆን፥ ደንበኛውም «ላክ» የሚለውን ሲነካ ነጭ ገጽ ወይም 500 የሚል ቍጥር ብቻ ቢታየው፥ ትእዛዙ ሳይደርስ ይቀራል፤ ደንበኛውም ወደ ሌላ ይሄዳል። 500 የሚለው ቍጥር ጕድለቱ በሰርቨሩ በኩል መሆኑን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይገልጥም። ምክንያቱ ሳይታወቅ በግምት ማሠራት ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ የስሕተት መዝገቡን መክፈት ይገባል። ድረ ገጹ በፒኤችፒ የተሠራ እንደ ሆነ፥ ፒኤችፒ.አይኤንአይ በተባለው ፋይል ውስጥ «ሎግ ኤረርስ» የሚለው «ኦን»፥ «ዲስፕሌይ ኤረርስ» የሚለው ግን «ኦፍ» ይደረጋል። በዎርድፕሬስ ለተሠራው ደግሞ ደብልዩፒ ኮንፊግ በተባለው ፋይል «ደብልዩፒ ዲበግ» እና «ደብልዩፒ ዲበግ ሎግ» የሚሉት «ትሩ»፥ «ደብልዩፒ ዲበግ ዲስፕሌይ» የሚለው «ፎልስ» ይደረጋሉ። ፋይሉ ከመነካቱ በፊት ግልባጩ ይቀመጥ። ከዚያም ስሕተቱን ያመጣውን ሥራ እንደ ገና ሠርቶ የመዝገቡን የመጨረሻ መስመሮች ማንበብ ነው፤ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የስሕተቱ ዓይነት፥ የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቍጥር ተጽፈው ይገኛሉ።

ሰዓቱን በሚመለከት ጥንቃቄ ያሻል። ብዙዎቹ መዝገቦች በዓለም አቀፉ ሰዓት ይጻፋሉ፤ በዚህ ዓይነት 06:00 ተብሎ የተመዘገበው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን ያላወቀ ነጋዴ ደንበኛው ያመለከተበትን ሰዓት ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት አይችልም።

ስሕተቱ በገጹ ላይ እንዳይታይ የሚደረገው፥ የፋይሎቹን ሥፍራ ለክፉ ሰው የሚያሳይ በመሆኑ ነው። የዎርድፕሬስ መዝገብም በተለመደው ሥፍራው ከውጭ ሊነበብ ስለሚችል፥ ባለሙያው ለሕዝብ ክፍት ካልሆነ ሥፍራ እንዲያኖረው ይታዘዝ። ጕድለቱ ከታረመ በኋላም ዲበጉ ይዘጋ፤ መዝገቡ እያደገ ሄዶ ቦታ ይሞላልና።

ባለሙያ ሲጠራ «ተበላሸ» ብሎ ብቻ ከሚናገር ይልቅ፥ የመዝገቡን መስመር ገልብጦ የሚሰጥ ነጋዴ ሥራው ቶሎ ይቃናለታል።