አሞክሲሲሊን በየስምንት ሰዓቱ

በአገራችን አሞክሲሲሊን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ጉንፋን ሲበረታ፣ ድድ ሲያብጥ፣ ጉሮሮ ሲከረክር ፋርማሲ ተኪዶ በስሙ ይጠየቃል። የተረፈው ለጎረቤት ይሰጣል፤ ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንስም አለ። ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጡ ቢከለከልም ልማዱ አልቀረም። መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ቢነገረን ኖሮ ግን አወሳሰዳችን ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። እንግሊዝ አገር፣ በቢቻም ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ ቀረበ። ባክቴሪያ ዙሪያውን የሚጠብቀው ግድግዳ አለው፤ ሲያድግና ሲራባም ግድግዳውን መሥራት አለበት። መድኃኒቱ ይህን ግድግዳ የሚያያይዙትን ፕሮቲኖች ሥራ ያስፈታቸዋል፤ ግድግዳው ይሳሳና ባክቴሪያው ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው አይነካም። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስም የለውም። ስለዚህ ጉንፋን የያዘው ሰው የፈለገውን ያህል ቢውጥ በሽታው አይበገርለትም፤ የሚሻለው በራሱ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ደም ውስጥ ያለው አሞክሲሲሊን በአንድ ሰዓት አካባቢ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ደግሞ መድኃኒቱ በቂ ሆኖ ደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ እንጂ አንዴ የተዋጠው ብዛት አይደለም። «በቀን ሦስቴ» ተብሎ ሲታዘዝ ቁርስ፣ ምሳና እራት ማለት የሚመስላቸው አሉ። ትርጉሙ በየስምንት ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት። ጠዋት የረሱትን ማታ ሁለት አድርጎ መዋጥ ያለፈውን ክፍተት አይሞላም። ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ ሊወሰድ ስለሚችል በጾም ቀን ምግብ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም።

የቀኑ ብዛትም እንደ በሽታው ይለያያል። ስትሬፕቶኮከስ ያመጣው የቶንሲል ሕመም አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ይታዘዝለታል፤ ጉሮሮው ግን በሁለትና በሦስት ቀን ይሻለዋል። ብዙ እናቶች እዚህ ላይ ለልጃቸው መድኃኒቱን መስጠት ያቆማሉ። የቀሩት ቀናት ለልብ ናቸው፤ ያልታከመ የዚህ ባክቴሪያ ሕመም በልጆች ላይ የልብ ቫልቭን የሚያበላሽ ሩማቲክ በሽታ ሊያስከትል ይችላል፤ በሽታው ደግሞ በእኛ አገር ዛሬም ብዙ ወጣት ይጎዳል። «የጨጓራ ባክቴሪያ» ለተገኘበት ሰው አሞክሲሲሊን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተጣምሮ ይታዘዛል፤ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ መርጦ መዋጥ ሕክምናውን ያከሽፈዋል።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ጀርሙን ሳይገድል እንዲላመደው ያደርጋል ሲል አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬ ብዙ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ሐኪሞች አሞክሲሲሊንን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር አጣምረው የሚያዙትም ለዚህ ነው።

ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይህንንም መውሰድ የለበትም፤ ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም አስቀድሞ ይንገር። ከዋጠ በኋላ ፊቱ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሹ ካጠረ፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። የልጆቹ ሽሮፕ በዱቄት የሚሸጥ ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ ምልክቱ ይሞላል፤ ከመስጠት በፊት በደንብ ይናጣል፤ የሚለካውም አብሮት በመጣው መለኪያ እንጂ በሻይ ማንኪያ አይደለም። ከተበጠበጠ በኋላ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን ሲያልፍ የቀረው ይጣላል።