ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ እናንተንስ?

«ፍሪጁ ትንሽ ይነዝራል፤ ነጠላ ጫማ አድርገሽ ክፈቺው።» አሮጌ አፓርታማ ተከራይቶ ይህቺን ምክር ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ! እኔ የምለው፣ ነጠላ ጫማ ከመቼ ወዲህ ነው የኤሌክትሪክ መከላከያ የሆነው?

አከራይ ስትነግሩት መልሱ ያው ነው፤ «ቤቱ እኮ ፊውዝ አለው።» አለው፣ እውነት ነው። ግን የፊውዝም ሆነ የብሬከር ሥራ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ እንዳይግልና ቤት እንዳያቃጥል መቁረጥ ነው። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ከዚያ በላይ ካላለፈበት ንቅንቅ አይልም። ሰው ላይ ግን ከ30 ሚሊ አምፔር የበለጠ ኮረንቲ ትንሽ ከቆየ ልብን ሊያቆም ይችላል። ሒሳቡን ሥሩት፤ የ16 አምፔር አምስት መቶኛ እንኳን አይሞላም። ሰውየው ፍሪጁ ላይ ተጣብቆ ብሬከሩ ምንም አልሰማም ማለት ነው።

ለሰው ተብሎ የተሠራው ዕቃ ሌላ ነው፤ ስሙ አርሲዲ ይባላል። ወደ ቤት የገባውን ኮረንቲና የተመለሰውን ያወዳድራል። ከጎደለ በሌላ በኩል፣ ምናልባትም በእናንተ ገላ አልፎ ወደ መሬት እየሄደ ነውና ወዲያው ይቆርጣል። ስትገዙ 30 ሚሊ አምፔር የሚለውን ምረጡ፤ 300 የሚለው ለእሳት እንጂ ለሰው አይሆንም። ጣሊያኖች «ሳልቫቪታ» ይሉታል፣ ነፍስ አዳኝ እንደማለት። እነሱ ዘንድ እ.ኤ.አ በ1990 በወጣ ሕግ የአሮጌ ቤቶች መስመር ጭምር እንዲስተካከል ታዟል። እኛ «ስፒና»ን ከነሱ ወስደን ነፍስ አዳኙን ረሳነው!

ልብ በሉ፣ አርሲዲ ብሬከሩን አይተካም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ፌዙንና ኒውትራሉን በሁለት እጁ የያዘንም ሰው አያድንም፤ ለእሱ ያ ሰው እንደ አንድ አምፖል ነው።

የአሮጌ ቤት ሌላው ጣጣ ኧርዝ ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ኧርዝ ያለው አዲስ ሶኬት መግጠም ጌጥ ነው። አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ደግሞ ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር ያስረዋል። ይህ አደገኛ ነው! ኒውትራሉ አንድ ቦታ የተበጠሰ ዕለት የፍሪጁ ቆርቆሮ ራሱ 220 ቮልት ይሆናል። አርሲዲ ያለ ኧርዝም ይሠራል፣ ግን የሚቆርጠው አንድ ሰው ሲነካ ነው። ኧርዝ ካለ ገና ማንም ሳይነካ ይቆርጣል። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረ አርሲዲው ይቅደም፣ ኧርዙ ይከተል።

የማውቃቸው ሁለት ሴቶች ልጆች አብረው በተከራዩት ቤት የሻወሩ ቧንቧ ይነዝር ነበር። አከራያቸው «ልጆቼ፣ ሃያ ዓመት ስንኖርበት ማን ሞተ?» አሉ። በስንት ልመና ወጪው ከኪራይ እንዲቀነስ ተስማሙ። አርሲዲው ተገጥሞ ቦይለሩ ሲበራ ቀጥ! ኤሌክትሪሺያኑ እየነቃቀለ ሲፈልግ የቦይለሩ ማሞቂያ ተበልቶ ኮረንቲውን ወደ ውሃው ይለቅ ነበር። ሴትየዋ ግን የተናደዱት በአርሲዲው ነው፤ «መብራት የሚያጠፋ ዕቃ አመጣችሁብኝ» ብለው። ብዙ ቤት እንዲህ ተብሎ ይነቀላል።

ምጣድን አትርሱ። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይጎትታል፤ በኤክስቴንሽን የሚጋገርበት ነገር አይደለም። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ይሰጠው። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ ወፍራም ሽቦ የሚጠመጥምላችሁ ጎረቤት ካለ አመስግናችሁ ሸኙት።

ሥራውን ለሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ስጡ፤ የቆጣሪውን ማኅተም ግን እሱም አይንካ፣ የመብራት ኃይል ነው። አርሲዲው ላይ «ቲ» የሚል ቁልፍ አለ። በወር አንዴ ተጫኑት። ካልቆረጠ ይቀየር።