የበረንዳው በር፦ ከሴንሰሩ በፊት መወርወሪያው

አፓርታማ ተከራይቶ ምድር ቤት የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት በር አለው። አንዱ በኮሪደሩ በኩል ያለው፣ ጠንካራ ቁልፍ የተገጠመለት ዋናው በር ነው። ሌላው ከሳሎን ወደ በረንዳ የሚያወጣው ተንሸራታች የመስታወት በር ነው። ይኼኛው ከግቢው በቀጥታ በእግር ይደረስበታል፤ ማታ ጨለማ ነው፤ ቁልፉም ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ መንጠቆ ናት።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ እንዲህ ባለ ቤት ነው። ሥራ ስውል እናቴ ብቻዋን ቤት ትውላለች። ስለዚህ የዚህ በር ነገር ለእኔ የቅዳሜ መዝናኛ ፕሮጀክት ብቻ አይደለም። ግድግዳ ሳልበሳና ወርሃዊ ክፍያ ውስጥ ሳልገባ እንዴት እንዳጠናከርኩት ላካፍላችሁ። ሶፍትዌር አለበት፤ ግን መጀመሪያ የሚመጣው እሱ አይደለም።

ማዘግየት፣ ማወቅ፣ መድረስ

አዲስ አበባ ያለ ግቢ እንዴት እንደሚጠበቅ አስቡት። አጥሩ ሌባውን ያዘገየዋል፤ ውሻው ወይም ዘበኛው መምጣቱን ያውቃል፤ ኡኡ ሲባል ጎረቤት ይደርሳል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ብዙ አይረዱም። የአፓርታማም ሕጉ ያው ነው።

የአውሮፓው የበርና የመስኮት መለኪያ ይህንኑ በቁጥር ያስቀምጠዋል። ጀርመን ውስጥ በር ስትገዙ የምታዩት «አርሲ 2» የሚል ደረጃ፣ በሩ በቀላል መሣሪያ ለሚሞክር ሰው 3 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። «አይሰበርም» አይልም፤ የሚሸጥላችሁ ጊዜ ነው። ሴንሰር ግን ሌባን አንድ ሰከንድ እንኳ አያዘገይም። ደካማ በር ላይ ሴንሰር ብቻ መለጠፍ መዘረፋችሁን ቶሎ ለማወቅ ያህል ነው።

መወርወሪያው

የመጀመሪያው ሥራ ኮድ የለውም። የበሩን የታችኛውን ሐዲድ፣ በሩ ተዘግቶ ሳለ፣ ከበሩ ጠርዝ እስከ ማዶው ፍሬም ለኩ። ከዚያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚያጥር ወፍራም የእንጨት ዘንግ አስቆርጡና ሐዲዱ ውስጥ አጋድሙት። አያቶቻችን ከበሩ ጀርባ ያጋድሙት የነበረው መወርወሪያ ነው። መንጠቆው ቢሰበር እንኳ በሩ አይንሸራተትም። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እዩ፦ የሚንሸራተተው መስታወት በውስጠኛው ሐዲድ ላይ የሚሄደው መሆን አለበት። በውጪኛው የሚሄድ ከሆነ ዘንጉ አይዘውም።

ሁለተኛው ድክመት ከላይ ነው። እነዚህ በሮች የሚገጠሙት ወደ ላይ ተነስተው የላይኛው ቦይ ውስጥ ከገቡ በኋላ ታችኛው ሐዲድ ላይ በማረፍ ነው። እንደገቡት ሁሉ ከውጪ ተነስተው ሊወጡም ይችላሉ። በሩን ዘግታችሁ ወደ ላይ ለማንሳት ሞክሩ። ብዙ የሚነሳ ከሆነ ከበሩ ግርጌ ያለውን የጎማዎቹን ማስተካከያ ቪቴ በካቻቢቴ አዙሩት፤ በሩ ከፍ ይልና ክፍተቱ ይጠባል። ይህም ምንም አያስበሳም።

መወርወሪያው መስታወት መስበርን አያስቀርም። ግን ዝም ብሎ ፈልቅቆ መግባትን ድምፅ ወዳለው ሥራ ይለውጠዋል። ደግሞም ይህ በር የእሳት ቀን መውጫ ስለሆነ ዘንጉ ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ በአንድ እጅ መነሳት አለበት። እናቴ መብራት ጠፍቶ እንድታነሳው አድርጌ ሞክረነዋል፤ ዘንጉ ላይ የጨርቅ ማንጠልጠያ የተጨመረው ያኔ ነው።

ለተከራዮች፦ የቨርጂኒያ ሕግ ተከራይ በቤቱ ውስጥ የስርቆት መከላከያ እንዲገጥም ይፈቅዳል። ቋሚ ጉዳት እንዳያደርስ፣ የቁልፎቹን ቅጂና የአጠቃቀም መመሪያውንም ለአከራዩ እንዲሰጥ ግን ያዛል። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ የተሻለ መብት አላችሁ፤ በተንሸራታች የመስታወት በር ላይ የፒን መቆለፊያ፣ እንዲሁም የእጀታ መቀርቀሪያ ወይም የደህንነት ዘንግ በራሱ ወጪ መግጠም ያለበት አከራዩ ነው። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ሴንሰሩ ምን ይጠብቅ?

የበር ሴንሰር ቀላል ነገር ነው። ውስጡ በ1936 ቤል ላብስ ውስጥ ዋልተር ኤልውድ የፈጠረው ማብሪያ ማጥፊያ አለ፦ በመስታወት ቱቦ የታሸጉ ሁለት ስስ ብረቶች፣ ማግኔት ሲጠጋቸው የሚነካኩ። አንዱ ክፍል ፍሬሙ ላይ፣ ማግኔቱ በሩ ላይ፣ በባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ይለጠፋሉ።

እኔ ሦስት ሴንሰር ተጠቀምኩ። አንዱ በሩ ላይ ነው። ሁለተኛው መስታወቱ ላይ የተለጠፈ የንዝረት ሴንሰር ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመኝ፣ ማግኔቱ የመወርወሪያው ጫፍ ላይ ያለ ነው፤ ዘንጉ ቦታው መግባት አለመግባቱን ይነግረኛል። ከሳሎን ጥግ የሚውል ዘንግ ምንም አያዘገይምና።

ሦስቱም በዚግቢ ወደ አንድ ራስፕቤሪ ፓይ ይናገራሉ፤ እሱ ላይ ክፍት ምንጭ የሆነው ሆም አሲስታንት ይሠራል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሳይረኑና ድምፁ ይሠራሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓይውን የመጠባበቂያ ባትሪ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። እናቴ ቡና ስትቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ የበረንዳውን በር ትከፍታለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚጮህ ሲስተም በዚህ ቤት ሳምንት ሳይሞላው ከሶኬት ይነቀላል። ስለዚህ ደንቦቹ ኑሯችንን ተከትለው እንዲህ ተጻፉ፦

1. መወርወሪያው ተነስቶ በሩ ከተከፈተ ዝም በል፤ ከውስጥ የተከፈተ ነው።
2. መስታወቱ ከተንቀጠቀጠ የበረንዳውን መብራት አብራ፣ ለእኔም መልእክት ላክ፤ ሳይረን ግን አታሰማ። ኳስም ሊሆን ይችላል።
3. ከንዝረቱ በኋላ በ5 ደቂቃ ውስጥ መወርወሪያው ከተነሳ ወይም በሩ ከተከፈተ ሳይረን አሰማ። መስታወት ሰብሮ እጁን ያስገባ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።
4. መወርወሪያው ገብቶ ሳለ በሩ ተከፈተ ከተባለ ወዲያው ሳይረን አሰማ። በጤናማ ሁኔታ ይህ አይሆንም።
5. ቤት ማንም ከሌለ ደንብ 1 አይሠራም፤ ማንኛውም መከፈት ሳይረን ነው።
6. ከሴንሰሮቹ አንዱ ለ6 ሰዓት ድምፁ ከጠፋ ንገረኝ። ባትሪ ሲያልቅ ራሱ አይጮህም።

አማርኛው

ለእናቴ በእንግሊዝኛ የሚለፈልፍ ማስጠንቀቂያ ከጩኸት አይለይም። የማይክሮሶፍት «መቅደስ» እና «አምሃ» የተባሉት የአማርኛ ድምፆች ጥሩ ናቸው፤ ግን በኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ አምስቱን መልእክቶች በራሴ ድምፅ ቀድቼ ፓይው ላይ አስቀመጥኳቸው። ማታ መወርወሪያው ካልገባ «እማዬ፣ የበረንዳው መወርወሪያ አልገባም» ይላል።

ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር መሆን አለበት። ከ24 ሰዓቱ ላይ 6 ቀንሱ፣ ቀሪውን በ12 አካፍላችሁ ትራፊውን ውሰዱ፣ ዜሮ ከሆነ 12 በሉ። 22 ሰዓት «ከምሽቱ 4»፣ 3 ሰዓት ደግሞ «ከሌሊቱ 9» ይሆናል። የተቀነሰው ከዜሮ በታች ሲወርድ የምትጠቀሙበት ቋንቋ ትራፊውን እንዴት እንደሚያሰላ ፈትሹ፤ አንዳንዶቹ ኔጌቲቭ ይመልሳሉ።

መልእክቱን በኤስኤምኤስ የምትልኩ ከሆነ አሳጥሩት። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፤ በፊደላችን ግን 70 ብቻ። «የበረንዳው በር በኃይል ተከፍቷል፤ ለእማዬ ደውሉ» በአንዱ ይገባል።

ኡኡታውን ማን ይሰማል?

ካሜራ ሳሎን ውስጥ አላስገባሁም፤ እናቴ በገዛ ቤቷ እየታየች መዋል የለባትም። በረንዳችንን ብቻ የሚያይ አንድ አለ። አውሮፓ ላላችሁ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 ከቤት ተነስቶ የሕዝብ መንገድ የሚቀዳ ካሜራ «የግል ጉዳይ ነው» ተብሎ ከመረጃ ጥበቃ ሕግ ነፃ እንደማይሆን ወስኗል። አቅጣጫውን አስተካክሉ።

የመጨረሻው ክፍል ሰው ነው። መልእክቱ ለእኔ፣ ለእህቴና ፎቅ ላይ ለሚኖሩ አንድ ጎረቤት ይደርሳል። እናቴም ሳይረን ስትሰማ ወደ በረንዳው ሄዳ እንዳታይ፣ ይልቁንም በዋናው በር እንድትወጣ ተስማምተናል። ብዙ የ911 ማዕከላት በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። የምታስታውሰው ሁለት ነገር ነው፦ «አምሃሪክ» የሚለውን ቃልና የቤቱን አድራሻ። አድራሻው በትልልቅ ፊደል፣ አነባበቡ በአማርኛ ተጽፎ፣ ከስልኩ አጠገብ ተለጥፏል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መሥራት አይጠበቅባችሁም። ዛሬ ማታ ሐዲዱን ለኩ፣ በሩን ወደ ላይ ለማንሳት ሞክሩ፣ ነገ ዘንጉን አስቆርጡ። ሴንሰሩ በፖስታ እስኪደርስ መወርወሪያው ሥራውን ይጀምራል።